«ደህና መንገድ» ለማን? በደሴ ዙሪያ የፎር ዊል መንገድን ክብደት ለክቶ ማወቅ

ከገራዶ አለፍ ብሎ ከዋናው መንገድ የሚገነጠል አንድ ጥርጊያ መንገድ አለ። መገንጠያው ላይ መኪናዬን አቁሜ፣ አህያቸውን ጭነው ሽቅብ ይመጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ጠየቅሁ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ቁልቁል ያለው መንገድ እንዴት ነው? ያስኬዳል?»

«ደህና ነው ልጄ፣ አብሽር። እኔስ ይኸው በእሱ አይደል የመጣሁት?»

ከአርባ ደቂቃ በኋላ የመኪናዬ ሆድ አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ጎማዎች አየር ላይ በከንቱ ይሽከረከሩ ነበር። አዛውንቱ አልዋሹኝም። መንገዱ ለእርሳቸውም ለአህያቸውም ደህና ነው። ጥፋቱ «ለማን ነው ደህና?» ብዬ ያልጠየቅሁት የእኔ ነው። ያን ዕለት ከአምስት የሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ድንጋይ ስደለድል አመሸሁ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድን በቃል ሳይሆን በዱላና በስንዝር መለካት ለመድኩ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ፎር ዊል መንዳትን እንደ መዝናኛ የያዙ አገሮች ለመንገዶቻቸው የክብደት ደረጃ ይሰጣሉ። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ሚዛን ግን የለም። በደቡብ አፍሪካ ከ1 እስከ 5 ያለው አቆጣጠር የተለመደ ነው። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት መንገዶቹን በአራት ከፍሎ በምልክት ያሳያል፦ አረንጓዴ ክብ ለቀላል፣ ሰማያዊ ካሬ ለመካከለኛ፣ ጥቁር ዳይመንድ ለአስቸጋሪ፣ ጥንድ ጥቁር ዳይመንድ ደግሞ ከሁሉ ለከፋው። አሜሪካ ውስጥ በዩታ ግዛት፣ በሞአብ ከተማ ዙሪያ ያሉት ዝነኛ የድንጋይ መንገዶች ከ1 እስከ 10 ይመዘናሉ፤ የጂፕ ኩባንያ ለሚመርጣቸው መንገዶች የሚሰጠው ነጥብም ከ10 ነው።

እንግዲህ ቪዲዮ አይቶ «ይህ 4ኛ ደረጃ ነው አሉ፣ እኛንስ ምን ያቅተናል?» የሚል ሰው አስቀድሞ «ከስንት አራት?» ብሎ ይጠይቅ። ከ10 አራት ጠንቃቃ ሾፌር የሚወጣው መካከለኛ መንገድ ነው፤ ከ5 አራት ግን መኪና የሚያቆስል ነው። ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፣ ደረጃው የሚሰጠው ለመንገዱ አማካይ ሁኔታ አለመሆኑ ነው። የሚሰጠው በጣም ለከፋችው ቦታ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ያለ ሐሳብ ተንሸራሽራችሁ አሥር ሜትር የማትሞላ የድንጋይ ደረጃ ከገጠመቻችሁ፣ የመንገዱ ቁጥር የእርሷ ቁጥር ነው። ደግሞም ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ደረቅ መንገድ ነው። ዝናብ ሲጥል ይሻራል።

በደሴ ዙሪያ እንዲህ ያለ ሰሌዳ የተተከለበት መገንጠያ ገጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ሚዛኑን ራሳችን መሥራት አለብን። እኔ የምጠቀመው አምስት ደረጃ ያለውን ነው፤ ትርጉሙን የሰጠሁት ግን በየቀኑ በምናያቸው መኪኖች ነው።

ማን ይገባበታል?

1ኛ ደረጃ ባጃጅና ሚኒባስ የሚገቡበት ነው። አቧራው ይበዛ እንደሆነ እንጂ ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም።

2ኛ ደረጃ ሚኒባሱ ቆሞ አይሱዙና ቅጥቅጥ የሚቀጥሉበት ኮረኮንች ነው። የኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚገፉት መኪናም ይሄድበታል፤ የሚፈለገው ከመሬት ከፍ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የተጫነ አይሱዙ ክብደቱ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ስላረፈ መሬቱን ቆንጥጦ ይወጣል። በዚያው ዳገት ባዶ ፒክአፕ ያለ ፎር ዊል ሊንሸራተት ይችላል። አይሱዙ መግባቱ ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ድንጋዩ ከፍታ ይመሰክራል እንጂ መሬቱ ይይዛል ወይ ለሚለው ሙሉ መልስ አይደለም።

3ኛ ደረጃ አራቱም ጎማ መሳብ ያለበት ነው፦ ልቅ ድንጋይ ያለበት ዳገት፣ ውሃ የቦረቦረው ቦይ፣ ግማሽ ጎማ የሚደርስ ወንዝ፣ አጭር የዋልካ ጭቃ። ከአምስቱ የምፈራው ይህንን ነው ብል ትስቁ ይሆናል፤ ነገር ግን 4ኛውና 5ኛው ራሳቸውን ይናገራሉ። ገደሉን አይቶ የማይቆም ሾፌር የለም። 3ኛው ግን 2ኛ መስሎ ያስገባችኋል። ሲደርቅ ሞቅ ያለ ኮረኮንች ነው፤ ግማሽ ሰዓት ከዘነበበት ሌላ አገር ነው። ሲቸገሩ ያየኋቸው መኪኖች አብዛኞቹ በዚህ ደረጃ መንገድ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ የሾፌሮቹም ንግግር አንድ ዓይነት ነው፦ «እስከ እዚህ ድረስ እኮ ጥሩ ነበር!»

4ኛ ደረጃ ታችኛው ኃይለኛ ማርሽ ከሌለ አይታሰብም። ሰው ወርዶ ከፊት ሆኖ በእጁ እየመራ፣ ጎማ በጎማ፣ ድንጋይ በድንጋይ የሚታለፍ ነው። አራቱም ጎማው ቢስብም ይህ ማርሽ የሌለው መኪና፣ ለምሳሌ ራቭ ፎር፣ ጉዞው እዚህ ላይ ያበቃል። የመኪናው ሆድ ወይም ማርሚታው ድንጋይ መንካቱ አይቀርም።

5ኛ ደረጃ ለዚሁ ተብለው የተለወጡ፣ ዲፈረንሻላቸው የሚቆለፍ፣ የሚጎትት ካቦ ያላቸው መኪኖች ሁለትና ሦስት ሆነው የሚገቡበት ነው። በሥራ መኪና አትግቡበት። በቅሎ ተከራዩ።

አንደኛ፦ መኪናውን ለኩት

መንገድ ብቻውን ደረጃ የለውም፤ ደረጃው የሚታወቀው ከመኪናችሁ ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ጆንያ አንጥፋችሁ ከመኪናው ሥር ተኙ። ከመሬት በጣም የቀረበው ዕቃ የትኛው ነው? ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት) ባላቸው መኪኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የዲፈረንሻሉ እብጠት ነው። መሬትና እሱ መካከል ስንዝራችሁን አስገቡ። የኔ መኪና አንድ ስንዝርና ሁለት ጣት ናት፤ ብዙዎቹ የሥራ ፎር ዊሎች ከ20 እስከ 23 ሳንቲሜትር አካባቢ ናቸው። እብጠቱ ከመሃል ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ብሎ ሊሆን ስለሚችል የትኛው ጎን እንደሆነ አስታውሱ። ድንጋይ ስታሳልፉ በሌላው በኩል ታሳልፋላችሁ።

ጭነት ሲበዛ ምን ይሆናል? ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ድፍን አክስል ያለው መኪና ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት እምብዛም አይለወጥም፤ ጎማው ነው የያዘው። የሚወርደው ሆዱ፣ ማርሚታውና የኋላ ፓራውልቱ ነው። ባዶውን ያለፈባትን ቦይ ተጭኖ ሲመለስ የሚገጨው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ገመድ ወስዳችሁ የፊት ጎማ መሬት ከሚነካበት ነጥብ እስከ ፓራውልቱ ታችኛ ጠርዝ ወጥሩ። ገመዱ የሠራው ተዳፋት፣ መኪናችሁ አፍንጫዋ ሳይገጭ ልትቀርበው የምትችለው ትልቁ ተዳፋት ነው። ከኋላም እንዲሁ አድርጉ። ከኋላ የተንጠለጠለ ትርፍ ጎማ ወይም መጎተቻ ካለ ቁጥሩ ያሳዝናችኋል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ሆድም የራሱ ልክ አለው፤ ረጅም ፒክአፕ ጉብታ ላይ ሆዱ የሚቀመጠው፣ አጭሩ ሱዙኪ ደግሞ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ከማርሽ ዘንጉ አጠገብ ያለችውን አጭር ዘንግም ፈትሹ። ኤች 2 በሁለት ጎማ፣ ኤች 4 በአራት፣ ኤል 4 በአራት ሆኖ በታችኛው ኃይለኛ ማርሽ ነው። በቆዩት መኪኖች ላይ ግን ዘንጉን ማስገባት ብቻ አይበቃም፤ ወርዳችሁ የፊት ጎማዎቹን መሃል ቁልፍ በእጅ ማዞር አለባችሁ። ይህን ረስቶ «ፎር ዊሉ አልሠራ አለ» ብሎ መኪናውን ጋራዥ የወሰደ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ እኔ ራሴ ነኝ። በደረቅ አስፋልት ላይ ደግሞ ኤች 4 ውስጥ አትንዱ፤ በመጠምዘዣ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ስለማይዞሩ አካሉ ይጨናነቃል፣ ይሰበራልም።

ሁለተኛ፦ ጥያቄውን ቀይሩ

«መንገዱ ደህና ነው?» የሚለውን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት። በምትኩ እነዚህን ጠይቁ፦ በመጨረሻ መኪና የገባው መቼ ነው? ምን ዓይነት መኪና? ተጭኖ ነበር ወይስ ባዶውን? በገባበት ተመለሰ ወይስ በሌላ ወጣ? የቆመበት ቦታ አለ? ሰው ገፍቶታል? «ቅርብ ነው» ካሏችሁ «በእግር ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» በሉ። የአገሩ ሰው በኪሎ ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ በእግር ሰዓት ግን አይሳሳትም።

ማንን እንደምትጠይቁም ለይታችሁ እወቁ። እኔ ከአይሱዙ ሾፌር ይልቅ ረዳቱን እመርጣለሁ። ሾፌር ስለ መንገድ ሲጠየቅ ስለ ራሱ ጀግንነት መልስ ይሰጣል። ረዳት ግን ጎማ ሥር ድንጋይ ለማስገባት የሚወርደው እርሱ ነውና የት የት እንደወረደ አይረሳም። ሻይ ጋብዙት፤ እያንዳንዷን ቦታ ይቆጥርላችኋል።

የገበያ ቀንም ጠይቁ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ እንደ እርሱ ሁሉ እያንዳንዱ የገጠር ገበያ ቀን አለው። በገበያው ዋዜማና ዕለት ጭነት መኪና ይመላለሳል፤ መንገዱ የተረገጠ ነው፣ ብትቆሙም የሚጎትት ይገኛል። ከገበያው ሦስት ቀን በኋላ በዚያው መንገድ ብቻችሁን ናችሁ።

ሦስተኛ፦ ዱካ አንብቡ

መንገዱ ራሱ ይናገራል፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ። ጥንድ የኋላ ጎማ ዱካ ካያችሁ የገባው አይሱዙ ወይም ከእርሱ የሚበልጥ ነው። የዱካው ጠርዝ ስል ከሆነ የዛሬ ወይም የትናንት ነው፤ ከተፈረካከሰ ቆይቷል። የገባ ዱካ እንጂ የወጣ ከሌለ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ዳገት ላይ የተቆፈሩ ጥንድ ጉድጓዶች ጎማ በቦታው የተሽከረከረባቸው ናቸው። ጭቃ ውስጥ የተቀበረ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ በዱካው ውስጥ የተደረደረ ድንጋይ፣ እነዚህ የሌላ ሰው መከራ ምልክቶች ናቸው። ድንጋይ አናት ላይ የጥቁር ዘይት ነጠብጣብ ካያችሁ ደግሞ አንዱ የሞተሩን ሆድ እዚያ ጥሎታል። ከዚያች ድንጋይ ጀምሮ መንገዱ ቢያንስ 4 ነው።

አራተኛ፦ ወርዳችሁ ለኩ

ዓይን ይዋሻል፤ በተለይ ከመሪው ጀርባ የተቀመጠ ዓይን። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዱላ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና አውራ ጣት የምታህል አየር ብቻ የቀረችበት የውሃ ጠርሙስ መኪናዬ ውስጥ አይጠፉም። ዳገቱ ላይ ስደርስ የዱላውን አንድ ጫፍ ወደ ላይኛው በኩል መሬት ላይ አስይዤ፣ ሌላውን ጫፍ ቁልቁል በኩል አነሳለሁ። ጠርሙሱን ዱላው ላይ አስተኝቼ የአየሯ እንክብል መሃል እስክትቆም ድረስ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ስትቆም፣ ከአየር ላይ ካለው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን እለካለሁ። በቃ። እረኞች ይሰበሰባሉ፣ «ምን እየለካ ነው? መሬቱን ሊሸጡት ነው?» ይባላል፤ ታገሡ።

ልኬቱ 18 ሳንቲሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 ዲግሪ ነው፤ 27 ከሆነ 15፣ 36 ከሆነ 20፣ 47 ከሆነ 25፣ 58 ከሆነ 30 ዲግሪ። ለንጽጽር ያህል ተራራ ላይ የተሠራ አስፋልት በሜትር ከ10 ወይም ከ12 ሳንቲሜትር ብዙም አያልፍም። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትወጡ የሚሰማችሁን አስቡና በእጥፍ ቁጠሩት፤ ያ ገና የ2ኛ ደረጃ መንገድ ነው። የእኔ አቆጣጠር እንዲህ ነው፦ እስከ 18 አንድ፣ እስከ 27 ሁለት፣ እስከ 36 ሦስት፣ እስከ 47 አራት፣ ከዚያ በላይ አምስት። መሬቱ ልቅ ድንጋይ ከሆነ አንድ እጨምራለሁ። ስልክ ላይ ያለውን የዘንበልታ መለኪያ መጠቀምም ይቻላል፤ እኔ ዱላውን የምመርጠው ባትሪ ስለማይፈልግ ነው።

ዱላውን ደግሞ በመንገዱ አግድም አስቀምጡት። ወደ ጎን መዘንበል ከዳገት ይልቅ ያስፈራል፤ ዳገት ያቅታችኋል፣ ወደ ጎን ያዘነበለ ግን ይገለብጣችኋል። በሜትር 27 ከደረሰ ደረጃውን በአንድ ከፍ አደርጋለሁ። 36 ካለፈ አልገባበትም። ፖርቶ መጋላ ላይ ዕቃ ካለ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብዬ እመለሳለሁ። የሚዘነጋው ነገር፣ የላይኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ የታችኛው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ዘንበልታው በአንዴ መጨመሩ ነው። ስለዚህ የመሬቱን ብቻ ሳይሆን ጎማዎቹ የሚያርፉባቸውን ሁለት ነጥቦች ለኩ።

የድንጋይ ደረጃ ሲገጥማችሁ ከጎማው ቁመት ጋር አነጻጽሩ። የጎማውን ሩብ የማይሞላ ከሆነ 2 ነው። ሲሶ ከደረሰ 3፣ ወደ ግማሽ ከተጠጋ 4፣ ግማሹን ካለፈ 5። ድንጋይ መደልደል ይቻላል፣ ነውርም አይደለም፤ ስታልፉ ግን ድንጋዩን ከመንገዱ አንሱት። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው በሌሊት ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ አፈሩ። የወሎ ደጋ ሜዳዎች ዋልካ ይበዛባቸዋል። በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፤ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ጎማ ላይ ተለጥፎም ጥርሱን ይደፍነዋል። ከጥቂት ሜትሮች በኋላ ጎማው ጎማ መሆኑ ቀርቶ የጭቃ ድቡልቡል ይሆናል። መፈተኛው የእናቶች ሥራ ነው፦ ጭብጥ አፈር ውሰዱ፣ በውሃ አርሱትና እንደ ሊጥ እሹት፣ በመዳፋችሁም መካከል እንደ ገመድ አድቦልቡሉት። ቶሎ ከተቆራረጠ አሸዋማ ነው፣ ዝናብም ቢመጣ ብዙ አትፍሩ። ቀጭን ሆኖ ሳይበጠስ እንደ ቀለበት ከታጠፈ ግን ዋልካ ነው። ያ መንገድ ሲደርቅ ያለውን ቁጥር ጻፉና ለእርጥብ ቀን ሁለት ጨምሩበት። አልተጋነነም፤ ሜዳ የሆነ ዋልካ በአንድ ጥሩ ዝናብ ከ1 ወደ 3 ሲዘል በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ወንዝ ላይ ደንቡ አጭር ነው። በእግር ያልገባችሁበትን በመኪና አትግቡ፤ በእግር ለመግባት ካስፈራችሁም መልሱን አግኝታችኋል። ዱላችሁን ይዛችሁ ጎማዎቹ የሚሄዱባቸውን ሁለት መስመሮች ተራመዱባቸው። ውሃው የጎማው መሃል ካልደረሰና ቀስ ብሎ የሚሄድ ከሆነ 3 ነው፤ እስከ ጉልበት 4 ነው፤ ከዚያ በላይ በእኔ መጽሐፍ የለም። የሚፈስ ውሃ ጉልበቱ ከጥልቀቱ በላይ ነው፦ 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሳንቲሜትር ደግሞ ፒክአፕን ጨምሮ አብዛኞቹን መኪኖች ይወስዳል።

በተለይ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ጨፋ ዝቅ ስትሉ ደራሽን አስቡ። ቦርከና ከደሴ በኩል ካሉት ተራሮች ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚወርድ ወንዝ ነው። እናንተ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ሳለ ከደሴ በላይ ጦሳ ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ እየመጣባችሁ ሊሆን ይችላል። የውሃው ቀለም ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ከጀመረ፣ ከወንዙ ውጡ። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ ምሳ መብላትም ክልክል ነው፤ ጥላው ምንም ያህል ቢያምር።

አምስተኛ፦ ከመንገዱ ውጪ ያለውን ደምሩበት

ወቅቱን ቁጠሩ። እኛ ዘንድ ክረምቱ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው በልግም አለ። «በጋ ነው» ብሎ በመጋቢት ዋልካ ውስጥ የገባ እንግዳ ሰው ብዙ ነው። ሰዓቱንም ቁጠሩ፦ ክረምት ላይ ዝናቡ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ከባድ መንገድ ጠዋት ይሁን።

ከፍታውም ልክ እንደ ጭነት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ጉጉፍቱ ስትወጡ 3,000 ታልፋላችሁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ጉጉፍቱ ላይ የሚነዳ ሰው ከሞተሩ ሲሶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኃይል ቆላ እንደቀረ ይቁጠር። ታች በ2ኛ ማርሽ የወጣችሁትን ዳገት እዚያ ላይ ገና ሳትጀምሩ ኤል 4 አስገቡለት። ግማሹ ላይ ስትደርሱ ለመቀየር መሞከር መኪናውን ማቆም ነው፤ ልቅ ድንጋይ ላይ የቆመ መኪና እንደገና መነሳት አይወድም።

ብቸኝነትም ይደመራል። ከአንድ በላይ መኪና ካላችሁ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። ብቻችሁን ከሆናችሁ አንድ ጨምሩ። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ከ3 በላይ አትሂዱ።

«ከመንገድ ውጪ መንዳት» የሚለው አባባል ወሎ ውስጥ እንደ ቃሉ የሚወሰድ አይደለም። ጭቃውን ለመሸሽ ከዱካው ወጥታችሁ የምትረግጡት የአንድ ገበሬ ማሳ፣ የመንደሩ የግጦሽ መሬት፣ ወይም ሰው በጉልበቱ የደረደረው እርከን ነው። የፈረሰ እርከን የሚቀጥለውን ዝናብ አይይዝም። መንገዱ ካልተቻለ መልሱ መመለስ እንጂ በጎን መሄድ አይደለም።

ስድስተኛ፦ መመለሻውን ከመግቢያው ለዩት

ቁልቁለት ያታልላል። ስትወርዱ መሬት ስበት ያግዛችኋል፤ ስትመለሱ ያው ስበት ባለ ዕዳ ሆናችሁ ያገኛችኋል። ስለዚህ ከመውረዴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነው፦ ይህንን ዳገት፣ ተጭኜ፣ በዝናብ፣ ሽቅብ እወጣዋለሁ? መልሱ «አይ» ከሆነ የመንገዱ ደረጃ የመውረጃው ሳይሆን የመውጫው ነው። ማዞሪያ ቦታ የት እንዳለም እያያችሁ እለፉ። ፒክአፕ ለማዞር ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መንዳት ካስፈለገ ያ መንገድ በአንድ ደረጃ ከብዷል።

ስትወርዱ ኤል 4 አንደኛ ማርሽ፣ እግር ከፍሪሲዮን ላይ ተነስቶ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዘው። ፍሪሲዮን ረግጦ በፍሬን ብቻ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ያጠፋዋል። ስትወጡ ካቃታችሁ ደግሞ መኪናውን ለማዞር አትሞክሩ፤ የኋላ ማርሽ አስገብታችሁ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። ዳገት ላይ አግድም የቆመ መኪና ቀጥሎ የሚያደርገው መንከባለል ነው።

አንድ ገጽ ከማስታወሻ ደብተሬ

ይህ ሁሉ ሲገናኝ ምን እንደሚመስል፣ ባለፈው ጥቅምት ከቦሩ ሜዳ ወደ ውስጥ በሚገባ አንድ መንገድ ላይ የጻፍኩትን እነሆ፦

«ከመገንጠያው እስከ 6 ኪ.ሜ. ሜዳ፣ ደረቅ፣ 1። አፈሩ ቀለበት ሠራ፤ ከዘነበ 3። ከ6 እስከ 9 ኮረኮንች፣ የአይሱዙ ዱካ፣ የሦስት ቀን ገደማ፣ 2። 9 ላይ ጅረት፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ ሥሩ ጠጠር፣ 3። ከጅረቱ ማዶ ዳገት፣ በሜትር 33፣ 3፤ ግማሹ ልቅ ድንጋይ፣ ስለዚህ 4። የአይሱዙው ዱካ ከጅረቱ ወዲህ ዞሯል። ማዞሪያ ከዳገቱ ሥር አለ፣ ከላይ አይታወቅም። ብቻዬን ነኝ፤ 5። ሰዓት 8፣ ከምዕራብ ደመና።»

መኪናውን ከጅረቱ ወዲህ፣ አይሱዙው የዞረበት ቦታ ላይ አቆምኩ። የቀረውን በእግሬ ሄድኩ፤ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ስመለስ ዝናቡ ጀምሮ ነበርና ሜዳውን በጥድፊያ፣ በኤች 4፣ ፍጥነት ሳልቀንስና መሪውን ሳላወናጭፍ ወጣሁ። ደብተሬ 3 ብሎኝ ነበር፤ 3 ሆኖ ጠበቀኝ።

የቀረው የጎማ ነገር ነው። ድንጋይና አሸዋ ላይ ጎማን ማላላት ደረጃውን ሳይሆን የመኪናችሁን አቅም ይለውጣል፤ በ35 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) የሚሄደውን ወደ 20 ማውረድ ጎማው መሬቱን ሰፋ አድርጎ እንዲይዝ ያደርገዋል። ጎማችሁ ከላማዳሪያ ያለው ከሆነ ግን ከ25 በታች አትሂዱ፤ ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራትቶ የከላማዳሪያውን አፍ ይበጥሰዋል። አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ። በላላ ጎማ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል፣ መሪውንም ያሰንፈዋል። አራት ጎማ በእግር ፖምፓ መሙላት ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ አብሯችሁ ሰው ካለ ተፈራረቁ።